ከአዲስ አበባ ሐዋሳ በብስክሌት፣ ድንኳን ጭነን፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ምን እንያዝ?

ጠያቂ፦ የቃሊቲዋ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ታናሽ ወንድሜ ከጥምቀት በኋላ በብስክሌት ሐዋሳ ልንወርድ ወስነናል። ተከታይ መኪና የለንም፤ ድንኳኑንም ስንቁንም ራሳችን ነን የምንጭነው። ከተማ ውስጥ ሁለታችንም በየቀኑ እንነዳለን፤ ዕቃ ጭነን ረጅም መንገድ ግን ወጥተን አናውቅም። ብስክሌቶቹ ባለ 26 ኢንች የተራራ ናቸው፣ ማርሻቸው ደህና ነው፣ ከኋላ የዕቃ መጫኛ አስገጥመናል። የጎን ቦርሳ ፈልገን አጣን። ያሰብነው የመጀመሪያውን ቀን ሞጆ፣ ሁለተኛውን ባቱ፣ ሦስተኛውን ላንጋኖ፣ አራተኛውን ሐዋሳ ለማደር ነው።

ዕቃውን መሬት ላይ ደርድረን ስንመዝነው ለእያንዳንዳችን 25 ኪሎ ገደማ መጣ። ወንድሜ ምድጃ፣ ድስትና ጀበና ጨምሮበት ነው። ምን እንቀንስ? ምን ረሳን? ውሃስ? እናታችን ደግሞ ማደሪያችንን ካላወቀች አትለቀንም፤ ለእሷ የምነግራትን ነገርም ስጡኝ።

እንጦጦ ወጪ

እህቴ፣ መንገዱን በደንብ ነው የመረጣችሁት፤ ጭነቱ ግን በግማሽ መቀነስ አለበት። ውሃ ሳይቆጠር 12 ኪሎ ለአንድ ሰው ይበቃል። ይህ መንገድ ሰው የሌለበት በረሃ አይደለም። ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ ቆቃ፣ ዓለም ጤና፣ መቂ፣ ባቱ፣ አዳሚ ቱሉ፣ ቡልቡላ፣ አርሲ ነገሌ፣ ሻሸመኔ፤ ሁሉም ቦታ ሻይ ቤት፣ ዳቦና የታሸገ ውሃ አለ። ስለዚህ የምትጭኑት እስከሚቀጥለው ከተማ የሚያደርሳችሁን እንጂ የአራት ቀን ቀለብ አይደለም። ምድጃው፣ ድስቱና ጀበናው ቤት ይቅሩ። ከተማ ላይ ሽሮም እንቁላልም ትበላላችሁ፤ ድንኳን ውስጥ ለሚርባችሁ በሶ፣ ቆሎና ጭኮ ያዙ። በሶ በስኳርና በውሃ ተበጥብጦ ሲጠጣ ፔዳል ላይ ለሚውል ሰው ከታሸገው ብስኩት ሁሉ ይሻላል። ድርቆሽ ካላችሁ ደግሞ በጣም ጥሩ፤ ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ ሻይ ቤት ትንሽ ወጥ ለምናችሁ ፍርፍር ታደርጉታላችሁ።

አከፋፈላችሁን ላስተካክል። መንገዱ በሙሉ ወደ 275 ኪሎ ሜትር ነው። የመጀመሪያው ቀን 70 ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ 2,300 ሜትር ከፍታ ወደ 1,800 ስለምትወርዱ ይቀላችኋል። ሁለተኛው ቀን ወደ 90 ይሆናል፤ ሜዳ ነው፣ ግን ሙቀትና ነፋስ አለው። ሦስተኛው አጭር ነው። አራተኛው ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ላንጋኖ ሐይቁ 1,585 ሜትር ላይ ሲሆን አርሲ ነገሌ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ያን ዳገት በደከመ እግር፣ ረፋድ ላይ፣ ከነጭነቱ ትወጡታላችሁ። ላንጋኖ ሁለት ሌሊት ብታድሩ ወይም ከላንጋኖ ተነስታችሁ ሻሸመኔ ብታድሩ ሐዋሳን በደስታ ታዩታላችሁ።

በፈጣን መንገዱ ላይ ብስክሌት አይፈቀድም፤ በአሮጌው መንገድ ነው የምትሄዱት። እስከ ሞጆ ድረስ የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪናዎች ስለሚበዙበት እሁድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ከቃሊቲ ውጡ፤ በዚያ ሰዓት መንገዱ ሌላ መንገድ ነው። አንጸባራቂ ሰደርያ ለሁለታችሁም ግዴታ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ሳምንት በዚያ መስመር የሚመላለሱ ሾፌሮችን ስለ መንገዱ ሰላም ጠይቁ። ከማንም በላይ እነሱ ያውቃሉ።

ጠጋኝ

እኔ ስለ ብስክሌቱ ልናገር። ጭነት በበዛ ቁጥር ቀድሞ የሚሰበረው የኋላ ቸርኬ ሽቦ ነው፣ ያውም ካቴናው ባለበት በኩል ያለው። ከመውጣታችሁ በፊት ሽቦዎቹን እየነካካ ለሚያጠብቅ ባለሙያ አሳዩ፤ ልካቸው የሆኑ ጥቂት መለዋወጫ ሽቦዎችን ገዝታችሁ ከብስክሌቱ ቱቦ ጋር በፕላስተር እሰሩ። ካላማዳሪያ ለእያንዳንዳችሁ ሁለት፣ ማስቲሽ፣ መለጠፊያ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ የእጅ ፓምፕ፣ ባለ ስድስት ጎን መፍቻዎች፣ ካቻቢቴ፣ ትንሽ ፒንሳ፣ የካቴና መፍቻና ማያያዣ፣ የፍሬን ሽቦና ጎማ። ሁለታችሁም አንድ ዓይነት ብስክሌት ስላላችሁ መሣሪያው ለሁለት አንድ ይበቃል፤ ይህ ብቻውን ብዙ ኪሎ ይቀንስላችኋል።

የካላማዳሪያችሁ ንፋስ መሙያ አፍ እንደ መኪና ወፍራሙ ይሁን። ቀጭኑ ከሆነ መንገድ ዳር ያለ ጎሚስታ ሊሞላላችሁ አይችልም። ወፍራሙ ከሆነ ግን በየከተማው እርዳታ አላችሁ። በኮምፕሬሰር ስትሞሉ ግን በትንሽ በትንሹ ይሁን፤ የብስክሌት ጎማ በቅጽበት ይሞላና ይፈነዳል። የዕቃ መጫኛውን ቡሎኖች በየማታው በእጃችሁ ሞክሯቸው፤ በንዝረት ይላላሉ። የተራረፉ ቡሎንና ዳዶ በትንሽ ጠርሙስ ያዙ።

አጣን ስላላችሁት የጎን ቦርሳ፦ ሁለት ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ግዙ፣ ላያቸውን ቁረጡ፣ ጀርባቸውን በስታችሁ በቡሎንና በሰፊ ቀለበት መጫኛው ላይ እሰሩ። ከጎንና ከሥር ዝናብም አቧራም አያስገባም። ተረከዛችሁ እንዳይነካው ትንሽ ወደ ኋላ ይግባ። ካልሆነ መርካቶ ሸራ የሚሰፉ ሰዎች በልካችሁ ይሰፉላችኋል። ከባዱ ዕቃ ከታች፣ ድንኳኑ ከላይ በላስቲክ ገመድ። ጀርባችሁ ላይ ምንም ቦርሳ አትሸከሙ።

ራይን ዳር

እኔ ኮሎኝ ነው የምኖረው፤ እዚህ ካምፕ ሻወርና መብራት ስላለው የሁለቱ አገር ነገር አይገናኝም። አንድ ነገር ግን የትም ያው ነው፤ ዕቃችሁን መጀመሪያ ቅርብ ቦታ አሳድሩት። ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ሙሉ ጭነታችሁን ይዛችሁ ቢሾፍቱ ድረስ ሂዱ፣ አንድ ሌሊት ድንኳን ውስጥ እደሩ፣ በማግስቱ ተመለሱ። መመለሻው ዳገት ስለሆነ ጭነቱ እውነተኛ ኪሎውን እዚያ ይነግራችኋል። ያልነካችሁትን ዕቃ ሁሉ ቤት አስቀሩ፤ የመጠገኛ ዕቃና መድኃኒት ብቻ ሳይነኩም ይሄዳሉ።

ለእንቅልፍ፦ ከበታች ያለው ፍራሽ ከላይ ካለው ልብስ ይበልጣል። ብርዱ የሚመጣው ከመሬት ነው። በጥር ስምጥ ሸለቆ ማታ ይቀዘቅዛል እንጂ የሚያስፈራ ብርድ የለውም፤ ቀጭን የመኝታ ከረጢት ይበቃል።

ሐይቅ ዳር

በመኝታ ከረጢቱ አልስማማም። ጋቢ ያዙ። ማታ ትለብሱታላችሁ፣ ጠዋት ጤዛ ላይ ትደርቡታላችሁ፣ እንግዳ ሆናችሁ ሰው ቤት ስትገቡ ያምርባችኋል። ከብዶ ከታያችሁ ለሁለት አንድ ትልቅ ጋቢ ይበቃል፤ እህትና ወንድም ናችሁ።

እኔ ባቱ ነው የተወለድኩት። ለእናታችሁ እንዲህ በሏት፦ ሞጆ ላይ ድንኳን አትትከሉ፣ አልጋ ያዙ ወይም ዘበኛ ያለው ሆቴል ግቢ ውስጥ ለምኑ። ባቱ ሐይቁ ዳር ጉማሬ አለ፤ ማታ ለሣር ስለሚወጣ ከውሃው ጠርዝ አጠገብ አትተኙ፣ እዚያም ግቢ ውስጥ ሁኑ። ላንጋኖ ዳር ባሉት መዝናኛዎች ድንኳን ለሚተክል ሰው ቦታ የሚሰጡ አሉ፣ ዘበኛም አለ። ሜዳ ላይ ማደር ግድ ከሆነ ጀንበር ሳትጠልቅ የአካባቢውን ሽማግሌ ወይም ቀበሌውን ሄዳችሁ አስፈቅዱ። ተደብቆ የሚያድር ሰው ነው የሚጠረጠረው፤ ያስፈቀደ እንግዳ ግን ጠባቂ ይመደብለታል። ምግብ ከድንኳን ውጭ አትተዉ፤ ጅብ ይሸተዋል። እንጨት ፍለጋ ግራር አትቁረጡ፤ አካባቢው በከሰል የተራቆተ ነው።

አፋን ኦሮሞ ካልቻላችሁ እንኳ «አካም ጅርቱ» (እንዴት ናችሁ) እና «ገለቶማ» (አመሰግናለሁ) ተማሩ። መንገድ ዳር ልጆች ሲሮጡ ቀድማችሁ እናንተ ሰላም በሏቸው፣ ፍጥነት ቀንሱ። ደንግጦ የሚያመልጥን ብስክሌተኛ ነው በድንጋይ የሚያባርሩት። ሰላም የሚላቸውን ግን ዳገቱን ገፍተው ያወጡታል።

የሌሊት ተረኛ

ነርስ ነኝ። ውሃ በቀን ለአንድ ሰው ከ4 ሊትር አያንስም፣ ከሞጆ እስከ መቂ ባለው ሙቀት ደግሞ ጨምሩ። ሦስት ባለ 1.5 ሊትር ሃይላንድ ብስክሌቱ ላይ ይዛችሁ በየከተማው ሙሉ። የቧንቧ ውሃ ከቀዳችሁ ውሃ አጋር (የውሃ ማከሚያውን) ጨምሩበትና መመሪያው ላይ የተጻፈውን ያህል ቆዩ። የላንጋኖ፣ የአብያታና የሻላ ውሃ ሶዳማ ነው፤ ማጣሪያም ማፍላትም ጨውን አያወጣውም፣ ስለዚህ ሐይቅ ዳር ነን ብላችሁ ውሃ ሳትይዙ እንዳትገቡ። ባቱና ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ አትዋኙ፣ ቢልሃርዚያ አለ። ሰው ሲዋኝ የምታዩት ላንጋኖ ነው።

ከ2,000 ሜትር በታች ወባ አለ። የወባው ዋና ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ስለሆነ በጥር ይቀላል እንጂ አይጠፋም። ድንኳናችሁ መረብ ያለው ይሁን፣ ካልሆነ አጎበር ያዙ። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከያዛችሁ የት እንደነበራችሁ ለሐኪሙ ንገሩ። ኦ.አር.ኤስ. ጥቂት ከረጢት፣ ፋሻ፣ ፕላስተር፣ የቁስል ማጽጃ፣ ራስ ምታት ማስታገሻ በቂ ነው።

ላንቺ ለብቻሽ፣ እህቴ፦ ስፌቱ የማይቆርጥ የብስክሌት ሱሪ ልበሺ፣ ከላዩ ሰፊ ሱሪ ወይም ጉርድ ደርቢበት፤ ገጠር ስትወርጂ ይመችሻል። የውስጥ ሱሪ ከብስክሌት ሱሪው ሥር አትልበሺ፣ ይፍቅሻል። ማታ ማታ ታጥበሽ ደረቅ ቀይሪ። የወር አበባሽ ባይደርስም ሞዴስ ያዢ። ነጠላ አትርሺ፤ ሜዳ ላይ መከለያ፣ ቀን ጥላ፣ ማታ ፎጣ ይሆናል።

ጠያቂ፦ የቃሊቲዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእናታችን የሐይቅ ዳርን መልስ አነበብኩላት፤ «ዘበኛ ካለበትስ ይሂዱ» አለች። ጀበናው ቀርቷል፤ ወንድሜ ቢከፋውም በየከተማው ቡና እንዳለ ተቀብሏል። ምድጃውንም ትተን ዛሬ እንደገና ብንመዝን 13 ኪሎ ሆነ። የመጪው ሳምንት መጨረሻ ቢሾፍቱ ሆራ ድረስ ለሙከራ እንሄዳለን፤ አራተኛውንም ቀን ለሁለት ከፍለን ሻሸመኔ እናድራለን። አንድ የቀረኝ፦ ከሐዋሳ ስንመለስ ብስክሌቱን አውቶቡስ ይጭናል?

እንጦጦ ወጪ

ይጭናል፣ ላዩ ላይ ፖርቶመጋላ ካለው። ትልልቆቹ ዘመናዊ አውቶቡሶች ከሥር ባለው የዕቃ ቦታ ካልሞላ ያስገቡላችኋል፣ ስለዚህ ማታ መናኸሪያ ሄዳችሁ ዋጋውን ከረዳቱ ጋር ቀድማችሁ ጨርሱ። ፔዳሎቹን ፍቱ፤ የግራው ወደ ቀኝ በመዞር ነው የሚፈታው። መሪውን ወደ ጎን አዙሩት፣ ማርሹ ያለበትን በኩል ወደ ላይ አድርጋችሁ አስተኙት፣ ሲታሰር ራሳችሁ ቆማችሁ እዩ። ካርቶን ወይም ያረጀ ማዳበሪያ ከሥሩ አንጥፉ።