በእንግዳ ፊት የማይቀርቡ፣ በልብ ግን የሚወደዱ ምግቦች

ጠያቂ፦ የጉለሌዋ

ልጆቼ ጡት ከጣሉ ብዙ ዓመታት ቢያልፉም ፋፋ የሚባለው የሕፃናት ገንፎ ዱቄት ከጓዳዬ ጠፍቶ አያውቅም። የምገዛው ለራሴ ነው፤ ባለሱቁ ሕፃኑ እንዴት እያደገ እንደሆነ ሲጠይቀኝ ግን «ደኅና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ አልፈዋለሁ። ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ ዱቄቱን እንዳይጓጉል በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጬ፣ በሚንተከተከው ውኃ ላይ እያማሰልሁ እጨምረውና፣ ወፈር ብሎ ሽታው ሲመጣ ከእሳት አውርጄ ንጥር ቅቤ ጠብ አደርግበታለሁ። በልጅነታችን ደረቁን ዱቄት ከእናቶቻችን ተደብቀን ስንቅም ላንቃችን ላይ ተጣብቆ ያጋልጠን እንደነበር የማታስታውሱ ያላችሁ አይመስለኝም።

የሚገርመኝ ግን፣ ልጆቼ ከውጭ የመጣ ኮርንፍሌክስ በወተት እያራሱ በእንግዳ ፊት ሲበሉ ማንም ምንም አይላቸውም፤ እኔ ከፋፋ ሳህኔ ጋር ብያዝ የምገባበት የሚጠፋኝ ይመስለኛል። እናንተስ ዘመን ያለፈባቸው ወይም ለችኮላ ተብለው የተዘጋጁ፣ ሰው ፊት ለመብላት የምታፍሩባቸው፣ ሆኖም ልትተዉአቸው ያልቻላችሁ ምግቦች አሏችሁ? ኀፍረቱስ ከየት የመጣ ይመስላችኋል?

መልስ፦ ጡረተኛው የጤና ባለሙያ

እህቴ፣ ፋፋ የሚያሳፍር ታሪክ የለውም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1962 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ተቋቁሞ ነበር፤ ኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የሆነው እርሱ ነው። ፋፋ የተወለደው ጡት በሚጥሉበት ዕድሜ ፕሮቲን የሚያጥራቸውን ሕፃናት ለመታደግ በተደረገው በዚያ ሥራ ነው። ስንዴው ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ስለሚያንሰው ሽምብራና አኩሪ አተር ይሞሉለታል፤ እነርሱ የሚጎድላቸውን ደግሞ ስንዴው ያሟላል። በዚህ ላይ ቅባቱ የወጣለት የዱቄት ወተት፣ ስኳር፣ ጨው፣ ቪታሚንና ማዕድን ተጨምሮበታል። በአጭሩ፣ ኮርንፍሌክሱን ከሚበሉት ልጆችዎ ይልቅ በደንብ የታሰበበትን ምግብ የሚበሉት እርስዎ ነዎት።

ኀፍረቱ በእኔ ግምት የመጣው ከእርዳታ ጋር በመዛመዱ ነው። በድርቅ ዓመታት ፋሚክስን የመሰሉ የእህልና የጥራጥሬ ድብልቅ ዱቄቶች በየመጠለያው በስፍር ይታደሉ ስለነበር፣ በዓይነ ኅሊናችን የዱቄት ገንፎና የችግር ሰልፍ አንድ ላይ ተቀምጠዋል። በደርግ ዘመን በኅብረት ሱቅ ደጃፍ በኩፖን የተሰለፈ ትውልድም የታደለውን ምግብ ሁሉ የመደበቅ ልማድ ይዞ ቀርቷል። እንግዲህ ስኳር በሽታ ከሌለብዎ ይብሉ፤ ካለብዎ ግን ጣፋጭነቱን አይርሱ።

መልስ፦ ከአምስተኛ ፎቅ

የእኔው የጣሳ ሰርዲን ነው፤ እንደ ፋፋ በምስጢር ሊያዝ የማይችል መሆኑ ነው ችግሬ። በኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ክዳኑ ገና ሲሳብ ደረጃው ሁሉ ይሰማል፤ ጎረቤቴ በማግሥቱ «ማታ ሰርዲን ነበር አይደል?» የምትለኝ ፈገግ እያለች ነው። ቀይ ሽንኩርቱን በራሱ በጣሳው ዘይት አቁላልቼ፣ ቲማቲም ጨምሬ፣ ዓሣው እንዳይፈራርስ መጨረሻ ላይ አስገብቼ ቃሪያ ስሰነጥቅበት፣ በትኩስ ዳቦ ስበላው ከክትፎ አላሳንሰውም። የተማሪነት ዘመኔ እራት ነበርና ዘመዶቼ እስከ ዛሬ «የሚያበስልልህ አጣህ እንዴ?» እያሉ ያዝኑልኛል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ እንዳትከፍቱብኝ አደራ፤ እናቴ ቤት በሑዳዴ ጣሳውን ማሳየትም አይቻልም። ባለሙያው እንዳሉት የድኻ ምግብ ነው የሚባል ከሆነም፣ አሁን የሰርዲንን ዋጋ የጠየቀ ሰው እንዲህ ሊል አይችልም።

መልስ፦ የሂሳብ መምህሩ

የባለሙያውን ሐሳብ በከፊል ብቻ እቀበላለሁ፤ ኀፍረት ሁሉ ከድኽነት የመጣ ቢሆን ኖሮ ፓስታ በእንጀራ የሚያሳፍርበት ምክንያት አይኖርም ነበርና። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ በከተሞቻችን የተስፋፋው ፓስታ በብዙ ቤት የእሑድና የእንግዳ ምግብ ነበር እንጂ የችግር ምግብ አልነበረም። በወላጆቼ ቤት ስጎው የሚሠራው በሽንኩርት፣ በበርበሬና ከጣሳ በሚወጣው የመርቲ ቲማቲም ድልህ ሲሆን፣ ሰፋ ባለ ትሪ በእንጀራ ላይ ተገልብጦ ሁላችንም ከበን እንበላው ነበር። ማፈር የጀመርነው ፓስታ በሹካ ተጠቅልሎ፣ ነከስ ሲደረግ ጠንከር የሚል ሆኖ መበላት እንዳለበት ከሆቴልና ከቴሌቪዥን ከተማርን በኋላ ነው።

ይህን የሚሉን ሰዎች ግን አንድ ነገር ይዘነጋሉ። ጠንካራ ፓስታ በእንጀራ አይጠቀለልም፤ ይሾልካል። እናቶቻችን ፓስታውን ከመቀቀሉ በፊት ሰባብረው፣ ለስለስ እስኪል አብስለው፣ ስጎውን አወፍረው የሚያቀርቡት በጣት ለሚጎረስ ማዕድ እንዲስማማ አስበው ነው። እኔ እንግዳ ሲኖር ሹካ አቀርባለሁ፤ እንግዳው ሲሸኝ በድስቱ የቀረውን በእንጀራ እጨርሳለሁ። ከእንግዶቼም ዓይናቸው ወደ መሶቡ የሚያማትር እንዳለ ታዝቤአለሁ።

መልስ፦ ከጂዳ

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ስደት ላይ ያለ ሰው ድርቆሽን ሳያነሳ እንዴት ያልፋል? አገር ቤት ሳለሁ ድርቆሽ ያልተበላ እንጀራ እንዳይጣል በፀሐይ የሚደርቅ፣ ማንም ለእንግዳ የማያቀርበው ነገር ነበር፤ እዚህ ግን መንገደኛ ሲመጣ ከሻንጣው መጀመሪያ የምንጠይቀው እርሱን ነው። አይሻግትም፣ ቀላል ነው፣ ማቀዝቀዣ አይፈልግም። የምሠራበት ቤት ሰዎች የዶሮ ጥብስ በሳጥን ሲያስመጡ ለእኔም ያካፍሉኛል፤ አመስግኜ እቀበልና፣ ወደ ክፍሌ ስገባ በርበሬውን በዘይት አቁላልቼ ድርቆሼን እፈረፍራለሁ። አሠሪዬ አንድ ቀን ገብታ አይታ «ደረቅ ዳቦ ለምን ትበያለሽ? አልጠገብሽም?» አለችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት?

መልስ፦ የቀድሞው ወታደር

ኮቾሮን የረሳችሁት ጥርሳችሁን ስለምትወዱ ይሆናል። በሠራዊት ቤት ሲታደለን እየረገምን የበላነውን ያን ደረቅ ብስኩት፣ ዛሬ በገበያ ባገኝ ወጣቶቹ ከሚበሉት ኬክ አስቀድመዋለሁ። በሻይ ተነክሮ ብዙ መቆየት አለበት፤ የቸኮለ ሰው አይብላው።

ጠያቂ፦ የጉለሌዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መምህር፣ ፓስታ መስበር በእኔ ቤት ብቻ ያለ ልማድ መስሎኝ ነበር። የጂዳዋ እህቴ፣ እኔ ድርቆሽ ስሠራ አንዳንዱ እየራሰ ይቦካብኛል፣ አንዳንዱ መሐሉ ደረቅ ይቀራል፤ ውኃውን እንዴት ትመጥኚዋለሽ?

መልስ፦ ከጂዳ

እህቴ፣ ድርቆሹን ድስት ውስጥ አትጨምሪው። መጀመሪያ ቁሌቱ ላይ ውኃ አድርገሽ ጨውና ኮረሪማ ጨምረሽበት በደንብ ይፍላ፤ ከዚያ ድርቆሹን በሰፊ ሳህን አድርገሽ ቁሌቱን በጭልፋ እያዳረስሽ አፍስሺበትና፣ ከታች ወደ ላይ ቀስ ብለሽ ገልብጠሽ ክደኚው። መክደኛውን ቶሎ ቶሎ አትክፈቺ፤ እንፋሎቱ ነው የሚያለሰልሰው። ከነጭ ጤፍ የተሠራው ቶሎ ስለሚርስ መረቁን ቀነስ አድርጊለት፤ ወፍራም የገብስ ቅልቅል ከሆነ ግን ጨመር ያለ ይፈልጋል።