ለስራዬ የሰጠሁት ቃልና እጮኛዬ መሃል ተወጥሬያለሁ፣ ምከሩኝ

ሰላም ወገኖች፣ በእምነት የበሰላችሁ ሰዎች እባካችሁ ምከሩኝ። እኔና እጮኛዬ ከተጫጨን ቆይተናል፣ ሰርጉ የሚዘገየው በኔ ስራ ነው፣ መስሪያ ቤቱ ደሞዝ በሰዓቱ አይከፍልም ግን አለቃዬ ማንም ሳያምነኝ እጄን ይዞ ስራ ያስተማረኝ ሰው ስለሆነ ፕሮጀክቱ ሳያልቅ አልሄድም ብዬ ቃል ሰጥቼዋለሁ። አሁን ደሞ የተሻለ ስራ መጣልኝ። እሷ አትጨቀጭቀኝም፣ የሰርጉን ወጪ የምንጽፍበትን ደብተር ዝም ብላ ከፍታ ታየውና መልሳ ትዘጋዋለች፣ አንጀቴን የሚበላው እሱ ነው።

ስጸልይ ያዕቆብ ትዝ ይለኛል። ዘፍጥረት 29 ላይ ለራሔል ብሎ 7 ዓመት አገልግሎ በእሷ ፈንታ ታላቅ እህቷን ልያን ሰጡት፣ ለራሔል ደሞ ሌላ 7 ዓመት አገለገለ። ግን ራሔልን ያገባት የልያ የሰርግ ሳምንት እንዳለቀ ነው እንጂ ሁለተኛው 7 ዓመት እስኪያልቅ አልጠበቀም፣ ብዙ ሰው ይሄን አያስተውለውም።

ታዲያ እኔስ አሁኑኑ በትንሹ አግብቼ እዛው እየሰራሁ ቃሌን ልፈጽም ወይስ አለቃዬን በግልጽ አናግሬ ከቃሌ እንዲፈታኝ ልለምነው? ለአንዱ ስታመን ሌላውን የምበድል እየመሰለኝ እንቅልፍ አጣሁ። በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ፣ ወሬውን ከየት ጀመራችሁት?