የጌም ጥናቱ ረቂቅ፦ እስከ ዓርብ የምናስተካክለው

ሰብሳቢ (ደሴ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ረቂቁን ያያችሁት መሰለኝ። ርዕሱ «ኦንላይን ጌም በወሎ ወጣቶች ላይ ያደረሰው ጉዳት» ይላል። ዓርብ ይገባል። ያላችሁን በሉ።

መምህርት (ደሴ)፦ ጋሼ፣ ከርዕሱ ልጀምር። «ጉዳት» ብለን ከገባን ፈርደን ምስክር ፍለጋ መውጣታችን ነው። «ተጽዕኖ» ይባል። ገጽ 2 ላይ ደግሞ «በቀን ከ3 ሰዓት በላይ የሚጫወት ሱሰኛ ነው» ይላል። ከየት መጣ? የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን በበሽታ ዝርዝሩ ውስጥ ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፤ ከ2022 ጀምሮ ይሠራበታል። እሱ እንኳ ሰዓት አይቆጥርም። ልጁ ራሱን መቆጣጠር አቅቶታል ወይ? ጌሙ ከሌላው ነገር ሁሉ ቀድሞበታል ወይ? እየጎዳውም ቀጥሏል ወይ? ያውም አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር የዘለቀ መሆን አለበት።

ሰብሳቢ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰርዤዋለሁ።

ነርስ (ኮምቦልቻ)፦ የኔ ጭንቀት ሌላ ነው። በ2014ቱ ጦርነት ስንቱ ልጅ ተፈናቅሎ ተመለሰ። ያ ልጅ ዛሬ ሌሊቱን ፍሪ ፋየር ላይ ቢያድር፣ እንቅልፍ የነሳው ጌሙ ነው ወይስ እንቅልፍ ስላጣ ነው የሚጫወተው? አንዴ መጠይቅ በትነን አንለየውም። ያንኑ ልጅ ከ6 ወር በኋላ ደግመን እንጠይቅ።

ሒሳብ ያዥ፦ ሁለት ዙር ማለት ሁለት ጊዜ አበል ነው ወንድሜ።

ነርስ፦ እንግዲያው 400 ልጅ ያልነውን 150 እናድርገው። ከመሃል የሚጠፋም አለ፣ እሱን አስበን።

የጌም ቤት ባለቤት (ደሴ)፦ እኔ የተማርኩት ሒሳብ ነው፣ ስለ ጥናት አላውቅም። ያየሁትን ልንገራችሁ። እኔ ጋ የኳስ ጌም የሚጫወቱ አራት ልጆች አሉ። የተሸነፈ ይከፍላል። ባለፈው ቅዳሜ አንዱ ተሸንፎ ኪሱን ቢዳብስ ባዶ ነው። ያሸነፈው ልጅ ምንም ሳይል ከፈለለት። ይሄ ኦንላይን አይደለም ትሉኝ ይሆናል። ግን ማታ እነዚሁ ልጆች በስልክ አንድ ቡድን ናቸው። አንዱ ታላቅ ወንድሙ ሳዑዲ ነው፣ አብሯቸው ይገባል። ጌሙ ውስጥ እየተኮሰ በማይክ «እማዬ መድኃኒቷን ወሰደች?» ይለዋል። በስልክ ሲደውል እኮ እንዲህ አያወሩም።

መምህርት፦ ይሄማ ቅሬ ነው በለኛ፣ የኛ የወሎው እድር! «ከማን ጋር ነው የምትጫወተው?» የሚለው የመጀመሪያው ጥያቄያችን ይሁን። እኛ «ስንት ሰዓት?» ብለን ነበር የጀመርነው።

አባል (ሐይቅ)፦ አታሳምሩት ግን። እኔ ራሴ እጫወታለሁ። በሴት ስም ገብቼ ማይክ ስከፍት የሚወርድብኝ ስድብ ለናቴ አይነገርም። አሁን የወንድ ስም ነው ያለኝ፣ ማይክም አልከፍት። ሴቶቹን ሴት ትጠይቃቸው፣ ያለዚያ ምንም አይነግሯችሁም።

ሰብሳቢ፦ ተያዘ። ሰዓቱንስ እንዴት እንለካ?

ነርስ፦ ልጁን ብንጠይቀው አይሆንም፤ አባቱ ካለ ይቀንሳል፣ ጓደኛው ካለ ይጨምራል። ስልኩ ራሱ መዝግቦታል። ፈቅዶ ካሳየን ከዚያው እንገልብጥ። አንድ ጥያቄ ደግሞ ጨምሩልኝ፦ በ2015 ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ምን ስትሠራ ነበር? መልስ አንደርድርለት፣ የራሱን ይናገር።

መምህርት፦ ከ18 ዓመት በታች ላለው የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ የልጁም እሺታ ለብቻው። የነገረንን ለአባቱ አሳልፈን አንሰጥም፤ ይሄ በጉልህ ይጻፍ። ቃለ መጠይቁም ርዕሰ መምህር ቢሮ ውስጥ አይሁን።

ሒሳብ ያዥ፦ ለ150 ልጅ ሁለት ዙር አስልቼ ነገ እልካለሁ። የቡና ወጪ አልገባም፣ ከየኪሳችን ነው።

ሰብሳቢ፦ ርዕሱን ቀይሬ ማታ እለጥፋለሁ። ከዚያ በፊት ጌም ቤቱን ባየው ደስ ይለኛል። ጆይስቲክ ግን ይዤ አላውቅም።

የጌም ቤት ባለቤት፦ ቅዳሜ ከሰዓት ይምጡ ጋሼ። ብር ይያዙ፣ የሚከፍለው የተሸነፈ ነው።