ጂዳ ባሕር ዳር ድንጋይ ላይ የምትዘል ዓሣ፤ ወደ ውሃ ልመልሳት ወይስ ልተዋት?

የሃና እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጂዳ ነው። ኮርኒሽ ስንወጣ ማዕበል የሚመታቸው ድንጋዮች ላይ ጣት የምታህል ቡናማ ነገር ተለጥፋ እናያለን። ከሩቅ እንሽላሊት ትመስላለች፣ ጠጋ ሲሉ ግን ዓሣ ናት። ውሃው ከተመለሰም በኋላ እዚያው ትቀመጣለች፣ ከዚያ ድንገት ወደ ሌላ ድንጋይ ትዘላለች። ልጄ «ውሃው ጥሏት ሄዶ ነው፣ ትሞታለች፣ እንመልሳት» እያለች ታስቸግረኛለች። ካልሆነም ቤት ወስደን በማሰሮ እናሳድጋት ትላለች። ምንድን ናት? ምንስ ትበላለች?

ቢኒ፦
ማድስኪፐር የሚሉት ዓሣ መሰለኝ። ቪዲዮ ላይ አይቼዋለሁ፣ ከውሃ ወጥቶ ይዘላል።

ባሕር ወዳድ፦
ቢኒ፣ እሱ ጭቃ ይወዳል፣ ማንግሮቭ (ባሕር ዳር ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ) ባለበት ነው የሚገኘው። እህቴ የምታያት ብሌኒ ከሚባሉት ትናንሽ ዓሦች አንዷ ናት፣ የኪርክ ብሌኒ ወይም በሳይንስ ስሟ አልቲከስ ኪርኪ። በ1868 ጉንተር የተባለ የዓሣ ተመራማሪ ነው የመዘገባት። ቀይ ባሕር አገሯ ነው።

ዋናው ነገር፣ ውሃው ጥሏት አልሄደም። ኑሮዋ እዚያው ማዕበል የሚረጨው ድንጋይ ላይ ነው። ቆዳዋ እርጥብ እስከሆነ ድረስ በቆዳዋም በስንጥቧም ከአየር ትተነፍሳለች። ምግቧ ድንጋዩን እንደ ስስ ቅባት የሸፈነው አልጌ ነው። ጥርሶቿ ደቃቅና ብዙ ናቸው፣ እንደ ማበጠሪያ የተሰደሩ፣ በእነሱ እየፋቀች ትበላለች። ስትዘል ልብ ብለሽ እይ፦ ጭራዋን ወደ ጭንቅላቷ ታጥፍና ድንጋዩን ትመታለች፣ ያ ነው የሚያስፈነጥራት።

ሌላው፣ ጂዳ አካባቢ ባሕሩ በቀን ውስጥ የሚሞላውና የሚጎድለው በጣም ትንሽ ነው፤ ከዚያ ይልቅ በብርዱ ወራት ከፍ ብሎ በሙቀቱ ወራት ዝቅ የሚለው ይበልጣል። ስለዚህ ድንጋዩን ከቀን ቀን የሚያረጥበው በዋናነት የማዕበሉ ርጭት ነው፣ ዓሣዋም ያንን እርጥብ መስመር ተከትላ ከፍ ዝቅ ትላለች። ወደ ጥልቁ ብትወረውሯት ወደማትፈልገው ቦታ፣ ትልልቅ ዓሦች ወዳሉበት መላክ ነው። እባክሽ ተዋት።

ምፅዋ ያደገ፦
እኛም ልጅ ሆነን ወደብ ጫፍ ላይ እያሳደድን ለመያዝ እንሞክር ነበር። አንዷንም አትይዝም! ብትይዛትም ታሟልጫለች። ቅርፊት የላትም፣ ዝልግልግ ናት። ሽማግሌዎቹም «ክንፍና ቅርፊት የሌለው አይበላም» እያሉ ይተዉአታል።

ባሕር ወዳድ፦
ልክ ነህ ወንድሜ። ያ ዝልግልግ ነገር ከመድረቅ ይጠብቃታል። ለዚህ ነው በደረቅ እጅ አትንኳት የምለው፣ ይገፈፍባታል። ማሰሮውንም እርሱት፤ ወጥታ ትደርቃለች፣ ባትወጣም በረሃብ ትሞታለች፣ ያን የመሰለ አልጌ በየቀኑ ከየት ታመጣላችሁ?

የሃና እናት፦
ተባረኩ። ለልጄ አነበብኩላት። ግን ድንጋዩ እንደዚያ ይግላል፣ ወፍም አለ፤ ሙቀቱን እንዴት ትችለዋለች፣ ወፍስ እንዴት አይበላትም?

ባሕር ወዳድ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። ቀለሟ ከድንጋዩ ጋር ይመሳሰላል። ፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ጓም ደሴት ላይ ያለችውን ዘመዷን ያጠኑ ሰዎች የዓሣ ቅርፅ ያላቸው አሻንጉሊቶች ሠርተው ግማሹን ድንጋይ ላይ፣ ግማሹን አጠገቡ ያለው አሸዋ ላይ አስቀመጡ። አሸዋ ላይ የነበሩት በወፍ፣ በእንሽላሊትና በሸርጣን በብዛት ተነከሱ። ሙቀት ሲበረታ ደግሞ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ትገባለች። ወንዱ እንቁላሉንም የሚጠብቀው እንዲህ ባለ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ነው። ጭንቅላቱ ላይ ትንሽ ጉትዬ ያለው ካያችሁ እሱ ነው።

ማየት ከፈለጋችሁ ማለዳ ወይም ወደ ማታ ሂዱ። ጥላችሁ ድንጋዩ ላይ እንዳያርፍ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ጥላ ካየች ወዲያው ትሰወራለች። የስልካችሁን ካሜራ ዙም አድርጉና አፏ ላይ አነጣጥሩ፣ ስትፍቅ ታገኟታላችሁ። ድንጋዩ ያዳልጣል፣ ሃናን እጇን ያዣት።