«በድፍረት መለመን» ይባላል? ደፈረ፣ ተሳለ፣ ደጅ ጠና

ፊደል ቆጣሪ፦
ሰላም ለቤቱ። «እግዚአብሔርን በድፍረት ለምኑት» የሚል የጸሎት ጽሑፍ ለእርማት ቀርቧል። በእኛ በጎንደሮች ጆሮ ደፈረ የአከበረ ተቃራኒ ነው፤ ሕግ ይደፈራል፣ ደብር ይደፈራል፣ ሰው ይደፈራል። ታዲያ ለጸሎት እንዴት ይሆናል? ካልሆነስ ምን ይተካው? ሌላም አለኝ፦ ስለት፣ ስእለት፣ ስዕለት ከሚሉት የትኛው ነው ልክ?

የበአታ ደቀ መዝሙር፦
ችግሩ ከቃሉ ሳይሆን ከአገባቡ ነው። ደፈረ ተሳቢ ሲይዝ («እከሌን ደፈረ») ክብርን መጣስ ነው። ሌላ ግስ ሲከተለው («ሊናገር ደፈረ») ወይም «በድፍረት» ሲሆን አለመፍራት ነው። በዐረፍተ ነገርዎ ውስጥ ግን «እግዚአብሔርን» እና «በድፍረት» ጎን ለጎን ስለ ወደቁ፣ አንባቢ «ለምኑት» የሚለው ላይ ሳይደርስ «እግዚአብሔርን መድፈር» የሚለው በጆሮው ይገባል። የ1954ቱ መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ሁለቱንም መንገድ ሄዷል፦ 1ኛ ዮሐንስ 5፥14 «ድፍረት» ሲል፣ ዕብራውያን 4፥16 «ወደ ጸጋው ዙፋን በእምነት እንቅረብ» ይላል።

ለነገሩ የሚመጥነው የአገራችን ቃል ባለሟልነት ነው። ባለሟል ማለት ሌላው በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ንጉሡ ዘንድ ገብቶ የልቡን የሚናገር ሰው ነው። ይህን መብት ያገኘው በጉልበት ሳይሆን ስለ ተወደደ ነው። በገድላትና በስብከት ቅዱሳን «በእግዚአብሔር ዘንድ ባለሟልነትን አገኙ» የሚባለው ለዚህ ነው። ድፍረት የለማኙን ጠባይ ሲናገር ባለሟልነት የሰጪውን ፍቅር ይናገራል።

ባለሟል ያልሆነው ደግሞ ደጅ ይጠናል። ፋሲለደስ ጎንደርን ከቆረቆሩበት ከ1628 ዓ.ም. ጀምሮ ግቢው የነገሥታት መቀመጫ ስለ ነበረ፣ ቃሉ እዚህ ሲነገር ግንቡና በሩ ዓይን ላይ ይመጣል። «ደጅ አጠና» ብላችሁ አትጻፉ። ለማኙ ደጅ ጠና፣ ይጠናል፤ ያቆመው ጌታ ደጅ አስጠና፤ ስሙ ደጅ ጥናት። ትርጉሙም በአንድ ልመና አለማቆም ነው። በሉቃስ 11 በእኩለ ሌሊት ሦስት እንጀራ ሊበደር የመጣው ሰው የተሰጠው «ስለ ንዝነዛው» ነው ይላል። ንዝነዛ በቤት ውስጥ ስድብ ነው፤ እዚያ ግን የልመና ማዕርግ ሆኗል። እኔ በጣም የምወደው የአማርኛ ትርጉም ምርጫ ይሄ ነው።

ዐይኑ ዐ፦
የፊደሉን ነገር ለእኔ ተዉልኝ። አማርኛ አራት የግዕዝ ግሶችን «ሳለ» በሚል አንድ ድምፅ ጨፍልቋል፦ ሰአለ (ለመነ)፣ ሠዐለ (ሥዕል ሠራ)፣ ሰዐለ (ጉንፋን ይዞት ሳለ)፣ ሰሐለ (ቢላ ሳለ)። የለመነው በአልፋው አ ነው፤ ስለዚህ ስእለት። «ስዕለት» ብሎ በዐይኑ ዐ የሚጽፍ ሰው ልመናውን ከጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ካሉት የመላእክት ሥዕሎች ጋር እያዛመደ ነው። «ስለት» ተብሎ ማጠሩ በአማርኛ ስሕተት አይደለም፤ ከቢላው ስለት ጋር ግን ይመሳሰላልና በጽሑፍ ስእለት ይሻላል።

ትርጉሙም ጠብቧል። በግዕዝ ማንኛውም ልመና ስእለት ነው፤ ማቴዎስ 7፥7 «ሰአሉ ወይትወሀበክሙ» ይላል፣ ለምኑ ይሰጣችኋል ማለት ነው። በአማርኛ ግን «ይህ ቢሆንልኝ ይህን አገባለሁ» የሚል ውል ብቻ ሆኗል። የዕብራይስጡ ሻአልም ያው ሥር ነው፤ ሐና ልጇን «ከእግዚአብሔር ለምኜዋለሁ» ብላ ሳሙኤል ያለችው በዚሁ ግስ ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ግሶቹስ እንዴት ይቀናጃሉ? «ስለት ሰጠ» የሚል አለና።

ዐይኑ ዐ፦
ተሳለ፣ ስለቱ ሰመረ (ወይም ደረሰ)፣ ስለቱን አገባ። «ሰጠ» ለምጽዋት ነው። የቃሉ አሠራር ከሐና (1ኛ ሳሙኤል 1፥11) ይማሯል፦ ለማን፣ ምን እንዲሆን፣ ምን ሊመለስ፣ እስከ መቼ። የጠየቀችው ወንድ ልጅ፣ የምትመልሰው ያንኑ ልጅ፣ ጊዜው ዕድሜውን ሙሉ። «ልጄ ቢድን ለጥር 7 ሥላሴ አንድ ጃንጥላ አገባለሁ» የሚለው አራቱንም ይዟል። የሚበላሸው ሦስት ቦታ ነው። «አንድ ነገር አገባለሁ» ሲባል መጠኑ ስለማይታወቅ መቼ እንደ ተፈጸመ አይታወቅም። በሌላ ሰው ንብረት ሲሳሉ ከፋዩ ያልተስማማ ይሆናል። ዮፍታሔ (መሳፍንት 11) እንዳደረገው «ከቤቴ የሚወጣውን» ብሎ አፍን ክፍት መተው ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። መክብብ 5 «ተስለህ የማትፈጽም ከሆነ ባትሳል ይሻላል» የሚለው ለዚህ ነው።

የበአታ ደቀ መዝሙር፦
የስለት ተቃራኒው የቆሎ ተማሪ ልመና ነው፤ መጠን አይጠራም፣ ውል አይገባም። ለምዱን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻው ዱላ ይዞ ቀፈፋ ይወጣና አጥር ሥር ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ብዙ ሰው «ስማ» የሚለውን «አድምጥ» ያደርገዋል፤ አይደለም። በእንተ «ስለ»፣ ስማ «ስሟ»፣ ለማርያም «የማርያም»፤ ግዕዝ ባለቤቱን አስቀድሞ በቅጥያ ጠቁሞ በኋላ በ«ለ» ይገልጠዋል። ባጭሩ «ስለ ማርያም ስም»። ምን እንደሚፈልግ አንድም ቃል የለበትም። ቁራሽ ቢሆን፣ ድርቆሽ ቢሆን፣ ቆሎ ቢሆን፣ የመጣው ሲሳይ ነው።

ሲሳይም ከአቡነ ዘበሰማያት ጸሎት «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም» ነው። ለለ ዕለት «በየዕለቱ» ነው፤ «የዕለት እንጀራ» የሚለው አማርኛ ይህን መደጋገም አያሳይም። የተጠየቀው የአንድ ቀን ነው፣ ነገም ደግሞ ይጠየቃል።

ሰፈረ አዲስ ዓለም፦
ወንድሞቼ፣ በእኛ በሙስሊሞቹ ዘንድ ሲሳይ ሪዝቅ ነው፣ ልመናውም ዱዓ። «ኢንሻአላህ» ያለ ቦታው የሚገባ ቃል መሆኑን ልጨምር። ነገ ስለምንሠራው ነገር ይባላል፤ በዱዓ ውስጥ ግን «ከፈለግህ ማረኝ» ማለት በሐዲስ ተከልክሏል፤ ለማኙ ቆርጦ ይለምን፣ አላህን የሚያስገድደው የለምና። «ብትፈቅድ» ማለት ትሕትና ይመስላል፣ ግን ሰጪው እንዳይቸገር መስጋት ይሆናል።

ፊደል ቆጣሪ፦
ይህ ለእርማቱ በጣም ይጠቅማል፤ ጽሑፉ ውስጥ አራት «ቢፈቅድ» አለ። አንድ ቀረኝ፦ «እግዜር ይስጥልኝ» ምስጋና ሆኖ፣ ለለማኝ «እግዜር ይስጥህ» ማለት ለምን መከልከል ሆነ?

ዐይኑ ዐ፦
ልዩነቱ በ«ልኝ» ነው። «ይስጥልኝ» ማለት ዕዳው የእኔ ነው፣ በእኔ ፋንታ እርሱ ይክፈልህ ነው፤ የተቀበለ ሰው ይናገረዋል። «ይስጥህ» ውስጥ እኔ የለሁም፤ ባዶ እጅ የሆነ ሰው ለማኙን ወደ ሰጪው ይመራዋል። ሁለቱም ምርቃት ናቸው። «ይስጥልኝ»ን ለለማኝ ማለት ግን በእኔ ጆሮ አይገጥምም፣ ያልተቀበሉትን ዕዳ መጥራት ነውና።

የበአታ ደቀ መዝሙር፦
ለዐረፍተ ነገሩ የእኔ ሐሳብ «እግዚአብሔርን ሳታፍሩ ለምኑት፤ ደጁን ጥኑ» ነው። «ሳትፈሩ» አይባል፤ ፈሪሃ እግዚአብሔርን ያፈርሳል።

ፊደል ቆጣሪ፦
«ሳታፍሩ» ገብቷል። አራቱም «ቢፈቅድ» ወጥተዋል።