ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው ተሽከርካሪ ላደረሰው ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው ከማን ነው?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ ወንድሜ በቀን ሥራ የሚተዳደር ወጣት ነው። አቃቂ ቃሊቲ አካባቢ አምሽቶ ከሥራ ሲመለስ፣ ዋናውን መንገድ በማቋረጥ ላይ እያለ አንድ የጭነት መኪና ገጭቶት ሳይቆም አመለጠ። ሰሌዳውን ያነበበ ሰው የለም፤ በመንገዱ ዳር ጀበና ቡና የሚሸጡ ሁለት ሴቶች ግን ነጭ አይሱዙ መሆኑንና ወደ ደብረ ዘይት አቅጣጫ መሄዱን አይተዋል። ቅልጥሙ ተሰብሮ ብረት ገብቶለታል። የተወሰደበት የሕክምና ተቋም ቅድሚያ ገንዘብ ካልተያዘ አላክምም ስላለን ተበድረን አስይዘናል። ገጪው ባይታወቅም ካሳ የሚጠየቅበት ቦታ አለ? ካለስ ከምን እንጀምር?

መልስ፦ በመድን ሥራ ላይ ካለ አባል

እግዚአብሔር ይማርልዎ። አዎ፣ አለ። የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን (ተሽከርካሪው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚገባ መድን) አዋጅ ቁጥር 799/2005 የመድን ፈንድ እንዲኖር ያደረገው፣ ጉዳቱን ያደረሰው ተሽከርካሪ ስላልታወቀ ወይም መድን ስላልነበረው ብቻ ተጎጂው ያለ ካሳ እንዳይቀር ነው። ፈንዱን ዛሬ የሚያስተዳድረው የመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ሲሆን፣ የሚክሰውም የሰው ሞትንና የአካል ጉዳትን ነው።

አስቸኳይ ሕክምናን በተመለከተ፣ በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው በሕግ እስከተወሰነው መጠን ድረስ ቅድመ ክፍያ ሳይጠየቅ መታከም መብቱ ነው፤ ተቋሙ ወጪውን የሚጠይቀው ከመድን ኩባንያው ወይም ከፈንዱ ነው። ቤተሰብ በድንጋጤ ላይ እያለ ይህን የሚነግረው ሰው አለማግኘቱ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ሁሉ፣ የመድኃኒቱን ጭምር፣ አንድም ሳታስቀሩ ያዙ።

በ2005ቱ አዋጅ የአካል ጉዳትና የሞት ካሳ ጣሪያ 40 ሺህ ብር፣ የአስቸኳይ ሕክምናው ደግሞ 2 ሺህ ብር ነበር። መጠኑ ከዚያ ወዲህ ከፍ ስለተደረገ፣ የድሮውን ቅጂ ይዞ የሚያስረዳችሁ ሰው ካጋጠማችሁ አሁን የሚሠራበትን መጠን ከአገልግሎቱ ጠይቁ።

መልስ፦ በትራፊክ ፖሊስነት ካገለገለ አባል

ከሁሉ በፊት የፖሊሱን ማስረጃ አስተካክሉ። ብዙ ጊዜ ጉዳዩ የሚበላሸው፣ ተጎጂው በግርግር ወደ ሐኪም ቤት ተወስዶ አደጋው ሳይመዘገብ ሲቀር፣ ወይም ሪፖርቱ «የመኪና አደጋ ደርሶበታል» ብሎ ብቻ ሲያልፍ ነው። ተሽከርካሪው ገጭቶ ያመለጠና ማንነቱ ያልታወቀ መሆኑ፣ ቦታው፣ ቀኑና ሰዓቱ በግልጽ መጻፍ አለበት። ሁለቱ ቡና ሻጮች ሳይውል ሳያድር ቃላቸውን እንዲሰጡ አድርጉ፤ ሰው ሥራ ቦታውን ይቀይራል፣ ከወር በኋላ ላታገኟቸው ትችላላችሁ። በዚያ መስመር ያሉ የነዳጅ ማደያዎችና መጋዘኖች ካሜራ ካላቸው፣ ምስሉ በላዩ ላይ ሌላ ሳይቀረጽበት ፖሊስ እንዲጠይቅላችሁ በጽሑፍ አመልክቱ። ከመንገዱ የተነሣ የፍሬቻ ስባሪ ወይም የተላጠ ቀለም ካለም ለመርማሪው እንጂ በቤት የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ ከሌላ አባል

የእኛ ጉዳይ ትንሽ ይለያል። እናቴን የገጨው ባጃጅ ባለቤቱም አሽከርካሪውም ይታወቃሉ፤ ነገር ግን የሦስተኛ ወገን መድን የለውም። ባለቤቱ ሽማግሌ ልኮ፣ «ክሱን ተዉልኝ እንጂ ማሳከሚያውን እኔ እችላለሁ» ይላል። ብንስማማ ምን እናጣለን?

መልስ፦ ከአንድ ጠበቃ

ሽምግልናውን አልቃወምም፤ ሰው ሊታረቅ ይገባል። ዕርቅና መብትን ለቆ መፈረም ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እናትዎ ገና በሕክምና ላይ ሆነው፣ እግራቸው ወደ ቀድሞው ይመለስ አይመለስ ሳይታወቅ፣ «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» የሚል ወረቀት እንዳይፈርሙ አጥብቄ እመክራለሁ። የሚሰጣችሁን የማሳከሚያ ገንዘብ ለሕክምና መሆኑን በሚገልጽ ደረሰኝ ተቀበሉ። አደጋውንም ለፖሊስ ማስመዝገብ አትተዉ፤ ሪፖርት ከሌለ ፈንዱ ዘንድ የምታቀርቡት ነገር አይኖርም። ፈንዱ ከከፈለም መድን ሳይገባ ባሽከረከረው ሰው ላይ ተመልሶ ይጠይቃል እንጂ ባለባጃጁ ነፃ አይወጣም።

ከዚህ በተጨማሪ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ስለዚህ «እኔ አልነዳሁም፣ ቀጥሬ ያሠራሁት ልጅ ነው» የሚለው መከላከያ አያዋጣውም። ፈንዱ የሚከፍለው ጣሪያ ስላለው፣ ከዚያ በላይ የሆነውን ጉዳት፣ ለምሳሌ የተቋረጠ ገቢን፣ በፍርድ ቤት ከባለቤቱ መጠየቅ ይቻላል። የክሱ ጊዜ ግን በቁጥር 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰ አንሥቶ 2 ዓመት ነው፤ ሽማግሌ ሲመላለስ ይህ ጊዜ እንዳያልፍባችሁ።

መልስ፦ ባለቤታቸውን በአደጋ ካጡ እናት

ልጆቼ፣ እኔ የልጆቼን አባት ገጭቶ ባመለጠ መኪና ነው ያጣሁት። ለሞት ካሳ ስትጠይቁ ከፖሊስ ማስረጃው ጋር የሞት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻና የልጆች ልደት ማስረጃ፣ ከፍርድ ቤትም የወራሽነት ውሳኔ ትጠየቃላችሁ። እኔን ያዘገየኝ የባለቤቴ ስም በመታወቂያውና በሐኪም ቤቱ ወረቀት ላይ በተለያየ ፊደል መጻፉ ነበር፤ እሱን ለማረም ብዙ ተመላልሻለሁ። የእናንተ በሽተኛ በሕይወት አለና፣ ተመስገን፣ ስሙ በየወረቀቱ አንድ ዓይነት መሆኑን ካሁኑ አጣሩ።

መልስ፦ በድጋሚ ከመድን ባለሙያው

ለመጀመሪያው ጠያቂ አንድ ነገር ልጨምር። ዘላቂ የአካል ጉዳት ካለ መጠኑን በመቶኛ የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ስለሆነ፣ የሚያክመው ሐኪም ሕክምናው ሲያበቃ ወንድምዎን ወደ ቦርድ እንዲልክላችሁ ጠይቁ። ለፈንዱ የምታቀርቡትን ማመልከቻ ግን እስከዚያ አታዘግዩት፤ የፖሊስ ማስረጃው እንደወጣ አስገብታችሁ የገቢ ማኅተም ያለበትን ቅጂ ያዙ፣ የቦርዱን ውጤት በኋላ ታያይዙታላችሁ።