ካርዱ ጠባቡ ኬዝ ውስጥ አልገባ አለኝ፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ከአንዲት ቀጭን ዴስክቶፕ ጋር ስታገል ሁለት ቀን ሆነኝ። ግራፊክስ ካርዱ ሎው ፕሮፋይል የሚባለው፣ ቁመቱ አጠር ያለው ዓይነት ነው። 12 ሴንቲ ሜትር የሚሆነውን የጎን ብረት ፈትቼ፣ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያለውን አስሬበታለሁ፤ ስለዚህ በቁመት በኩል ችግር የለም፣ ክዳኑም ይገጥማል።

ያስቸገረኝ ርዝመቱ ነው። ካርዱን ስሎቱ (መሰኪያው) ላይ ስጫነው የውስጠኛው ጫፍ ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ ቀጥ ብሎ የቆመውን የሳታ ገመድ (ዲስኩን ከማዘርቦርዱ የሚያገናኘው) ራስ ይገፋዋል። በብረቱ በኩል ያለው ወርቃማ ጥርስ ይገባል፤ በወዲያኛው በኩል ግን ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ብቅ ብሎ ይቀራል። የስሎቱ መቆለፊያም "ቀጭ" አይልም። ጠንከር አድርጌ ስጫን ማዘርቦርዱ ጎበጥ ሲል አየሁና ደንግጬ ተውኩት።

ራሱ በ90 ዲግሪ የታጠፈ የሳታ ገመድ ባደርግ ቦታ ይለቅልኛል? መታጠፊያው ወደ ግራም ወደ ቀኝም የዞረ አለና፣ ከካርዱ የሚሸሸውን በምን ልለይ?

ሙቀቱም ያሳስበኛል። የካርዱ ማራገቢያ ከፓወር ሰፕላዩ የሚርቀው በአንድ ጣት ስፋት ብቻ ነው። ካርዱ ሌላ የኃይል ገመድ የለውም፤ ስሎቱ በሚሰጠው 75 ዋት ይሠራል። በዚህች ክፍተት በቂ አየር ያገኛል? እንዲህ ባለ ኬዝ የሞከራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፤ እስከዚያው ክዳኑን ከፍቼ እጠብቃለሁ።